«ፋራኦኒክ»ን ለምን እንጣለው? ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የሚመክሩት ውጭ አገር ተቀምጠው በእንግሊዝኛ የሚሠሩና የሚጽፉ ወገኖችን ነው። ምክሩ በሙሉ ስለ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛ ከፈርዖን ስም ስላወጣው «ፋራኦኒክ» ስለሚባለው ቅጽል። ከዕለት ተዕለት ንግግራችሁ አውጡት ይላሉ።

ላላነበበው ሰው ምክንያቶቹን በአጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ቃሉን ከሙዚየም ሰዎች በቀር ማንም አይናገረውም። ሁለተኛ፣ «በጣም ትልቅ» ከማለት አያልፍም፤ ለዚያ ደግሞ «ሂዩጅ» ይበቃል። ሦስተኛ፣ በታሪክ ውሸት ላይ የቆመ ነው፤ ፒራሚዶቹን ባሪያ አልሠራቸውም። አራተኛ፣ ለግብጻውያን ስድብ ነው። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ጸሐፊው ድንገት ይዞራሉ። በአባይ ጉዳይ ከግብጽ ጋር ስትከራከሩ ብቻ ተጠቀሙበት፣ እዚያ ይገባቸዋል ይላሉ።

እኔ የምለው የዚህ ግልባጭ ነው። ቃሉ ሌላ ቃል የማይሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ ይኑር። ጸሐፊው ተጠቀሙበት ያሉበት ቦታ ግን ለእኛ ጉዳት ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አንድ ሌላም አለ፤ እሱን ጭራሽ አላነሱትም። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ነጥብ ብዙ አያነጋግርም። ማንም አይናገረውም የተባለው ቃል በጋዜጣ የኢኮኖሚ ገጽ ላይ፣ በሕንፃ ትችት ውስጥ፣ ስለ ግድብና ስለ አዲስ ዋና ከተማ በሚጻፍ ዜና ውስጥ በየጊዜው ብቅ ይላል። ሜሪያም ዌብስተር ሁለት ፍቺ ሰጥቶታል። አንዱ የፈርዖኖች የሆነ፣ ሌላው በመጠኑ እጅግ የገዘፈ። ቃሉ የሙዚየም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ፍቺ ባልተጻፈ ነበር። አነባበቡም አያስቸግርም፤ «ፌ-ሬይ-ኦ-ኒክ» ነው፣ «ኦ» ላይ ጫን ይላል።

እርግጥ ነው፣ ቡና እየጠጣ የሚያወራ እንግሊዛዊ ቃሉን እንደ «ናይስ» አይበትነውም። ሠርጉ ፋራኦኒክ ነበር ካለ ሙሽሮቹን እያማቸው ነው። የሥራ ማመልከቻ ላይ «ፋራኦኒክ አምቢሽን አለኝ» ብሎ የሚጽፍ ካለ ደግሞ ቀጣሪው ወይ ይስቃል ወይ ይፈራል። ቢሆንም የሐሜት ቃል ሁሉ ይጣል ከተባለ ስንቱ ሊቀር ነው?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። የዚህ ስም አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችንም ያደናግራቸዋል። በ2015 የአሜሪካን ሦስቱን ታላላቅ የፈረስ ውድድሮች ጠራርጎ የወሰደ ፈረስ ነበር፤ ከ37 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው። ስሙ «አሜሪካን ፋሮ» ነው። ሲመዘገብ ሁለት ፊደል ቦታ ተቀያይሮ ተጻፈና እስከ ስህተቱ ታሪክ ውስጥ ገባ። እኛ እንኳን ከዚህ ተርፈናል። ቅጽሉ ላይ ያለው «ን» ከየት መጣ ብሎ የሚገረም እንግሊዛዊ አለ፤ ስሙ ላይ የለማ። እኛ ፈርዖን ብለን ስላደግን አይገርመንም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ግን ልቆይ፤ ዋናው እሱ ነው።

«ትልቅ ማለት ብቻ ነው» ይላሉ። ራስ ዳሸን ትልቅ ነው፤ ፋራኦኒክ ያለው ሰው ግን አልሰማሁም። ውቅያኖስም እንደዚያው። ቃሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ያዘዘ ሰው ነው። ቀጥሎ የታዘዘ ሕዝብ። ከዚያ የሕዝቡ ገንዘብ ወይም ጉልበት። በመጨረሻም ሥራው ላይ የሚቀረው የአዛዡ ስም። እነዚህ ሲገጣጠሙ ነው እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ሂዩጅ»ን ትቶ ወደዚህ ቃል የሚሄደው።

ያሙሱክሮን እንውሰድ። የኮትዲቯር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ፌሊክስ ኡፉዌ ቧኚ የተወለዱባት ሠፈር ነች። በ1983 ዋና ከተማ አደረጓት። ከዚያ ባዚሊካ አሠሩባት። ከፍታው 158 ሜትር ነው፤ ሮም ካለው የቅዱስ ጴጥሮስ ይበልጣል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1990 መጥተው ባረኩት። ያ ዘመን የካካዎ ዋጋ የወደቀበት፣ አገሪቱም የውጭ ዕዳዋን መክፈል ያቃታት ጊዜ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ወጪው ከኪሴ ነው ብለዋል። እሺ፣ ይሁን። ግን መስኮቶቹን ቀና ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያያል። ባለቀለሙ መስታወት ላይ ከክርስቶስና ከሐዋርያት ጋር ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ተሥለዋል። ይህን «ሂዩጅ» ብሎ ማለፍ ይቻላል? መጠኑን ነገራችሁኝ፤ መስታወቱ ላይ ያለውን ሰውዬ ግን ዋጣችሁት።

ቡካሬስትም አለች። ኒኮላይ ቻውሼስኩ በ1984 ያስጀመሩት «የሕዝብ ቤት» የተባለ ሕንፃ አለ። እሱን ለመሥራት አንድ ሙሉ የቆየ ሠፈር ከነቤተ ክርስቲያኑ ፈረሰ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ያኔ ሮማኒያ የውጭ ዕዳዋን ለመክፈል ስትል ዜጎቿን በራሽን ታበላ ነበር። ክረምት ቤት ማሞቂያው ይቀነስ ነበር። አዛዡ በ1989 የገና ዕለት ተረሸኑ፤ ሕንፃው ያኔ ገና አላለቀም ነበር። ስሙ «የሕዝብ» መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ብራዚሎች ደግሞ ቃሉን የቤት ዕቃ አድርገውታል። ወታደራዊው መንግሥት በ1970ዎቹ የጀመራቸውን እነ ትራንስአማዞን አውራ ጎዳና በፖርቱጋልኛ «የፈርዖን ሥራዎች» ይሏቸዋል። መንገዱ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ1972 ተመረቀ፤ ዛሬም ብዙው ክፍል አስፋልት አልነካውም። ጣልያንኛም፣ ስፓኒሽም፣ ፈረንሳይኛም ይሄው ቅጽል አላቸው፤ ከእንግሊዝኛም በላይ ይደጋግሙታል።

ለሁለተኛው ነጥብ ትልቁ መልስ ግን ከፓሪስ ይመጣል። ፍራንሷ ሚቴራን ሉቭር ሙዚየም ግቢ ውስጥ በ1989 የመስታወት ፒራሚድ አስተከሉ። የነደፈው አይ ኤም ፔይ ነው። ተቺዎች ፕሬዚዳንቱን ፈርዖን እያሉ ተሳለቁባቸው፤ ከራምሴስ ጋር አዳቅለው የቅጽል ስም ሁሉ አወጡላቸው። ፒራሚዱ ስንት ሜትር ይመስላችኋል? 21 ሜትር ከምናምን። ቦሌ መንገድ ላይ ቢሆን ዞሮ የሚያየው የለም። ስድቡ ስለ ቁመቱ አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ፣ የነገሥታት ግቢ መሐል፣ የራሱን ዘመን ምልክት ተከለ ነው ነገሩ። ዛሬ ፓሪስ ያለዚያ ፒራሚድ አትታሰብም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

«ግራንዲዮስ የሚለው ቃልስ?» የሚል አይጠፋም። እሱ የሚያማው ጣዕሙን ነው፤ ልታይ ልታይ ማለቱን። «ዋይት ኤለፈንት» ደግሞ ብዙ ገንዘብ በልቶ ጥቅም የማይሰጥ ነው። ፋራኦኒክ የተባለ ነገር ግን ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ድልድይ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይሻገርበታል። ቃሉ የሚጠይቀው ማን አዘዘ፣ ማን ከፈለ የሚለውን ነው። ይህን ጥያቄ በአንድ ቅጽል የሚሸከም ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ካለ ጸሐፊው ያምጡት።

ወደ ሦስተኛው እንለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የጊዛን ፒራሚዶች የባሪያ መንጋ በጅራፍ እየተገረፈ እንዳልሠራቸው ዛሬ የታወቀ ነው። በ1990 ከፒራሚዶቹ አጠገብ የሠራተኞች መቃብር ተገኘ። ሰዎቹ በክብር ተቀብረዋል፤ በንጉሡ ጥላ ሥር። አጽማቸው ላይ ተሰብሮ የዳነ አጥንት ታየ፤ ማለትም የሚያክማቸው ነበር። አርኪዮሎጂስቱ ማርክ ሌነር የቆፈረው የሠራተኞች መንደር ውስጥ ደግሞ ዳቦ መጋገሪያና የበሬ፣ የበግ፣ የፍየል አጥንት ክምር ወጣ። በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ቦታ፣ የአርኪዮሎጂስቱ ፒየር ታሌ ቡድን ትልቁን የጊዛ ፒራሚድ ያሠራውን የፈርዖን ኹፉን ዘመን ፓፒረሶች አገኘ። አንዱ የመረር የሚባል የቡድን አለቃ የሥራ መዝገብ ነው። ዛሬ ከቱራ ድንጋይ ጫንን፣ ነገ ጊዛ ደረስን፣ ዳቦ መጣልን እያለ የጻፈው። የዛሬ ሾፌር የውሎ መዝገብ ይመስላል።

ታዲያ ይህ ቃሉን ውሸት ያደርገዋል? አያደርገውም። ቃሉ መቼ ስለ ባሪያ አለ? መረር ባሪያ አይደለም። ታዛዥ ግን ነው። ጀልባው፣ ሰዎቹ፣ ድንጋዩ፣ ዳቦው፣ ሁሉም የሚንቀሳቀሰው ወደ አንድ ሰው መቃብር ነው። ሁለት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺህ ገደማ ድንጋይ፣ 146 ሜትር ከፍታ፣ ለአንድ ሬሳ። ዳቦ መብላታቸው ይህን አይለውጠውም።

ደግሞ ሌላ የተምታታ ነገር አለ። ጸሐፊው «መጽሐፍ ቅዱስ ነው ይህን ውሸት ያስፋፋው» የሚል ነገር ጣል አድርገዋል። ኧረ ኦሪት ዘጸአትን ግለጡት! ምዕራፍ አንድ ላይ እስራኤላውያን የሠሩት ፊቶምና ራምሴ የሚባሉ የዕቃ ማከማቻ ከተሞችን ነው። ምዕራፍ አምስት ላይ ጡብ ሲሠሩ ገለባ ይከለከላሉ፤ የጡቡ ቁጥር ግን አይቀነስላቸውም። ፒራሚድ የሚል ቃል የለም። የጊዛው ፒራሚድ ድንጋይ እንጂ ጡብ አይደለም። ከኹፉ እስከ ታላቁ ራምሴስ ደግሞ ከ1,200 ዓመት በላይ አለ። ባሪያውን ፒራሚድ ላይ የሰቀሉት የኋላ ጸሐፊዎችና ሲኒማ ናቸው። የእነሱን ዕዳ ለኦሪት አናስከፍል።

ፈርዖንን በጅምላ ጨካኝ ማድረግም ኦሪት አልሠራውም። የዮሴፍ ፈርዖን እስረኛውን ከጉድጓድ አውጥቶ የሾመ ሰው ነው። ይሁንና ዘፍጥረት 47ን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ረሃቡ ሲጠና ሕዝቡ መጀመሪያ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻ መሬቱንና ራሱን ለእህል ሸጠ። ደጉም ፈርዖን አገሩን ጠቅልሎ ወጣ ማለት ነው። ቃሉ የሚለው እንግዲህ ይህንኑ ነው።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ግን ቱሪን፣ ጣልያን ያለ አንድ ፓፒረስ ነው። የራምሴስ ሦስተኛ 29ኛ የንግሥና ዓመት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1157 ገደማ። የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉት የዴር ኤል መዲና ሠራተኞች ደመወዛቸው እህል ነበር። እህሉ ዘገየ። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ጥለው ሄዱና ከአንድ ቤተ መቅደስ ጀርባ ተቀመጡ። «ርቦናል፤ ከወሩ 18 ቀን አልፏል» አሉ። ልብስ የለም፣ ቅባት የለም፣ ዓሣ የለም፣ አትክልት የለም። ይህን ለጌታችን ለፈርዖን ላኩበት አሉ። የሠራተኞቹ ጸሐፊ አመንናኽት ቃላቸውን መዘገበው። እስከ ዛሬ በጽሑፍ ከተገኙት የሥራ ማቆም አድማዎች የመጀመሪያው ይህ ነው።

«ፋራኦኒክ» የሚለው ቃል ከቅዱስ መጽሐፍ ብቻ የተገኘ ስም ማጥፋት ነው የሚል ሰው ይህን ፓፒረስ ያንብብ። ትልቁ ሥራ፣ የዘገየው እህል፣ ላዩ ላይ የተቀመጠው ጌታ፣ ሁሉም በግብጻውያን በራሳቸው እጅ ተጽፏል።

አራተኛው ነጥብ ስድብ ነው የሚለው ነው። ለማን? ጸሐፊው ግብጻውያንን ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። ካይሮ ውስጥ የቆየ አባባል አለ። «አንተ ፈርዖን፣ ማን ፈርዖን አደረገህ?» ቢሉት «የሚከለክለኝ አጣሁ» አለ ይባላል። ዐረብኛቸው ከስሙ ግሥ ሁሉ አውጥቷል፤ ተፈርዖነ እንደማለት፣ ሰው ላይ ጌታ ጌታ ማለት። ኦክቶበር 6 ቀን 1981 ፕሬዚዳንት አንዋር ሳዳትን የገደለው ኻሊድ ኢስላምቡሊ «ፈርዖንን ገደልኩ» ብሎ ጮኸ። በኖቬምበር 2012 ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሙርሲ ሥልጣናቸውን ከፍርድ ቤት በላይ ሲያደርጉ ተቃዋሚው ሙሐመድ ኤልበራዲ «ራሱን አዲሱ ፈርዖን አድርጎ ሾመ» አሉ። እነዚህ ሁሉ ግብጻውያን ናቸው። ቃሉን ከፈረንጅ አልተዋሱትም።

በሌላ በኩል ደግሞ ይኮሩበታል። ብሔራዊ ቡድናቸው «ፈርዖኖቹ» ነው፤ ሰባት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ የበላው፣ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግን 4 ለ 2 የሸኘነው። (ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኝ ነበር።) በ1928 ካይሮ ባቡር ጣቢያ ፊት የተገለጠው የማህሙድ ሙክታር ሐውልት ስፊንክስ ጎን የቆመች የገጠር ሴት ነች፤ የነጻነት ዘመን ምልክት ሆነች። በኤፕሪል 2021 ሃያ ሁለት የነገሥታትና የንግሥታት ሬሳ በወርቅማ መኪና ተጭኖ፣ ከታህሪር ወደ ፉስጣጥ አዲሱ ሙዚየም ሲሄድ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ መድፍ ተተኮሰ። እና ስሙ ሁለት ፊት አለው። ካይሮ ላይ አንዱ ሰው ጠዋት ይኮራበታል፣ ማታ መንግሥቱን ይሰድብበታል። እንግሊዝኛውም ያንኑ ነው የወረሰው።

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ዘመን ጀምሮ በመዝሙራቸውም በስብከታቸውም ፈርዖን የሚሉት ነጩን ባሪያ አሳዳሪ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከመገደላቸው በፊት ባለው ምሽት፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1968፣ ሜምፊስ ላይ ለጽዳት ሠራተኞች አድማ ሲናገሩ ይህንኑ አነሡ። ፈርዖን ባርነቱን ማራዘም ሲፈልግ ባሮቹን እርስ በርስ ያጣላ ነበር አሉ። አዳራሹ ውስጥ ስለ ግብጽ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

እኛስ? አንድ አለቃ አልሰማ ሲል የፈርዖን ልብ ነው ያለው እንላለን። ልቡን አደነደነ እንላለን። ይህን ስንል ዐውደ ምሕረት ላይ የሰማነውን እንጂ ካይሮን እያሰብን አይደለም። እንግሊዝኛ ከአቴናዊው ከድራኮ «ድራኮኒያን» የሚል ቅጽል አውጥቷል፤ ጭካኔ ለበዛበት ሕግ። ከቢዛንታይን መንግሥት ደግሞ ለተወሳሰበ ቢሮክራሲ ቅጽል አውጥቷል። ግሪኮች ተሰደብን ብለው ሰልፍ አልወጡም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የዘለሉትን ላንሣ። ቃሉ በእንግሊዝኛ በእውነት ጉዳት የሚያደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የሕክምናና የእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት ነው። የሴት ልጅ ግርዛት ዓይነቶች ውስጥ ከሁሉ የከፋው፣ ቆርጦ የመስፋቱ፣ ለረጅም ጊዜ «ፋራኦኒክ» ግርዛት ሲባል ኖሯል። ስሙ የመጣው ከሱዳን ነው፤ እዚያ በዐረብኛ እንዲያ ይሉታል። የሚገርመው ግብጻውያን ያንኑ ድርጊት «ሱዳናዊ» ግርዛት ማለታቸው ነው። ሁለቱም ወደ ጎረቤት ይገፉታል። ፈርዖኖቹ ግን ለመሟገት የሉም። ከሙሚዎቹ ላይ እንዲህ ያለ ድርጊት ለመኖሩ ቁርጥ ያለ ማስረጃ አልወጣም።

ምን ችግር አለው የሚል ካለ፣ ችግሩ ይሄ ነው። ሪፖርቱን የምታነብ የገጠር ነርስ ወይም ተርጓሚ «ፈርዖናዊ» ሲባል ነገሩ የሺህ ዓመታት ሥርወ መንግሥት ይመስላታል። ክብር የሚሰጥ ስም ነው። አያት ልጅቷን ስታስገርዝ የንግሥት ወግ የምትፈጽም ይመስላል። እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ በ1946 በሕግ ከለከሉት፤ አልቆመም። ሱዳን ራሷ በ2020 ወንጀል አደረገችው። በእኛም አገር በሶማሌና በአፋር በኩል ይህ ዓይነቱ አለ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 566 ላይ ብልት የሚሰፋን ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ፈርዖንን አልጠራም፤ ድርጊቱን በስሙ ጠራ። የዓለም ጤና ድርጅትም ዛሬ «ዓይነት ሦስት» ነው የሚለው። ለዋሽንግተንም ሆነ ለለንደን ክሊኒክ በእንግሊዝኛ የምታስተረጉሙ ልጆች እዚህ ቦታ ላይ ቃሉን ብትተዉት ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

አሁን አምስተኛው። ስድብ ነውና ተዉት ብለው ገና ሳይቆዩ፣ ለግብጽ መንግሥት ግን ስደቡበት ይላሉ። አልሸሹም ዞር አሉ! ይህን ልለፈው። ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ ክርክሩ ለእኛ አይሠራም።

ግብጽ የአባይን ውሃ በሚመለከት ስትከራከር የምትይዘው ትልቁ ዱላ ምንድን ነው? «ታሪካዊ መብት» የሚለው ነው። ከጥንት ጀምሮ የእኛ ነው፣ ሥልጣኔያችን በእሱ ላይ ተሠርቷል። እኛ ደግሞ በእንግሊዝኛ አምድ ላይ ተነሥተን የካይሮ አቋም ፋራኦኒክ ነው ስንል ምን እያልን ነው? አቋሙ አራት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው እያልን ነው። ዱላውን አቀበልናቸው። ካይሮ የተቀመጠ ጠበቃ ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ያመጣል?

አቋሙ የቆመባቸው ወረቀቶች ግን የትናንት ናቸው። አንዱ በ1929 ብሪታንያ ስለምትገዛቸው አገሮች ሆና ከግብጽ ጋር የተለዋወጠችው ደብዳቤ ነው። ለግብጽ 48፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሰጠ። ሌላው በ1959 ግብጽና ሱዳን ሁለቱ ብቻ ቁጭ ብለው የተፈራረሙት ነው። 55.5 ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን። የውሃው ከ80 በመቶ በላይ የሚነሣባት ኢትዮጵያ በሁለቱም ላይ የለችም። በዚህ ውስጥ የፈርዖን እጅ የት አለ? የቅኝ ገዢ እጅ ነው ያለው። ያንን የሚያህል ጠንካራ ነገር ይዘን በፈርዖን መሸፈን ጉድ ነው።

ከግብጽ ጋር የተዋጋነው ጦርነትም የፈርዖን አልነበረም። በግብጽ ስም ወደ እኛ የዘመተው የግብጽ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ነው፤ አያቱ መሐመድ አሊ ከኦቶማን ጦር ጋር ከባልካን በኩል የመጡ። የስዊዝን ካናል በ1869 በታላቅ ድግስ አስመርቀው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። በኖቬምበር 1875 ጦራቸው ጉንደት ላይ በዐፄ ዮሐንስ እጅ አለቀ። በዚያው ወር የካናሉን አክሲዮን በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ለብሪታንያ ሸጡ። በሚቀጥለው ዓመት ማርች ላይ ጉራ ላይ ድጋሚ ተመቱ። በ1879 ከሥልጣን ተባረሩ። ለእስማኤል ድግስና ዕዳ «ፋራኦኒክ» ቢባል አልከራከርም፤ ቃሉ ልኩ ነው። ለአባይ ፖሊሲው ግን ሌላ ስም ያስፈልጋል።

ደግሞ ፈርዖን ሁሉ ባዕድ ነው ያለው ማን ነው? ሁለተኛ ነገሥት 19 ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» ይላል። ታሃርቃ ነው። የኩሽ ሰው፣ ከዛሬዋ ሱዳን ተነሥቶ ግብጽን የገዛው የ25ኛው ሥርወ መንግሥት ንጉሥ። ራሱ ፈርዖን ነበር። መጽሐፍ ቅዱሳችን የእኛ ያደረገውን ሰው ስም ስድብ አድርገን ስንወረውር ማየት ያስቃል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንዳይመጣ ነው። ሕዳሴ ግድብ ቁመቱ 145 ሜትር ነው ሲባል ቆይቷል። የኹፉ ፒራሚድ ሲሠራ 146 ሜትር ከምናምን ነበር። ይህን ቁጥር ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የውጭ ጋዜጠኛ አይጠፋም። ቀጥሎ የሚጠይቀውም ይታወቃል። ማን አዘዘ? በቦንዱና በደመወዙ ማን ከፈለ? ሲቆረጥበት ፈቅዶ ነው? እኔ የራሴን መልስ እሰጣለሁ። መብራት የሚያወጣ ግድብ መቃብር አይደለም፤ ላዩ ላይም የአንድ ሰው ፊት አልተሣለም። ጥያቄው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቤተ መንግሥት፣ ፓርክ ወይም አዲስ ከተማ ሲሠራም ይጠየቃል። ቃሉን ለጎረቤት ብቻ ካስቀመጥነው የእኛን ሲጠይቁን አፋችን ይያዛል።

ስለዚህ በአባይ ጉዳይ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ፣ ቅጽሉን ተዉትና 1929 ብላችሁ ጻፉ። 1959 ብላችሁ ጻፉ። 55.5 እና 18.5 ብላችሁ ጻፉ፤ ከጎኑ ደግሞ ለኢትዮጵያ የተመደበው ዜሮ መሆኑን። «ፋራኦኒክ»ን ለያሙሱክሮው መስታወት አቆዩት።